ጭንቅላቱ ያልተሳለው ወርዋሪ

ለወንድሜ፣

ባለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ያ ዝናብ ሲመጣ የሚነሣብህ የትከሻ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ያሠቃይሃል? ያለህበት አገር ብርድ ከሆነ ትከሻህን ሸፍነህ ተኛ፤ ጎበዝ ነኝ ብለህ ደረትህን ከፍተህ እንዳትሄድ። ምግቡስ ተስማማህ? የሚያበስልልህ ሰው አለህ? አንተ ሆድህ ከሞላ ሌላው ነገር ስለማያስጨንቅህ ነው አስቀድሜ ስለ ሆድህ የምጠይቅህ።

እኛ ተመስገን፣ አለን። እማዬም ደህና ናት ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ደህና አይደለችም። ኩላሊቷ ደክሟል ይላሉ ሐኪሞቹ። እግሯ አብጦ የሚገባላት ጫማ ጠፍቷል። ጠዋት ተወዛዋዥ ወንበሯን በር ላይ አወጣላትና እዚያው ትውላለች፤ የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ እየጠራች ታነጋግራለች። ሐኪሙ ሥጋ ቀንሺ አላት። እኔም “ዶክተር፣ እሱን እንኳ መንግሥት ቀድሞዎት ቀንሶልናል” አልኩት፤ ሳቀ፣ ከዚያ ደግሞ መሳቁን ማን እንዳየው ዞር ዞር ብሎ ተመለከተ። መብራቱ እንደ እንግዳ ነው፣ ብቅ ብሎ ይሄዳል። የስኳር ፋብሪካው እንደተዘጋ ነው፤ ጭስ ማውጫው ላይ አሞራ ሰፍሮበታል። ስኳር ስንሠራ የኖርን ሰዎች ዛሬ ቡናችንን ያለ ስኳር እንጠጣለን፤ ቡናውም ግማሹ የተቆላ አተር ነው።

ይሄን ሁሉ የምዘበዝብልህ ዋናውን ነገር መጀመር ፈርቼ ነው። እንግዲህ ልጀምረው።

ዘንድሮ ቡድናችሁ፣ የከተማችን የሳን ኢላሪዮ ሸንኮራዎች፣ ሰማንያ ዓመት ሞላው። ከክፍለ ሀገሩ የስፖርት ቢሮ ቀለም ተላከ። አትሳቅ፣ እውነት ተላከ። በስታዲየሙ የውጭ ግድግዳ ላይ የቡድኑ የምንጊዜም ምርጥ ዘጠኝ ተጫዋቾች ቁመታቸው ከሰው በልጦ ይሳሉ ተባለ። ማን ይምረጣቸው ሲባል፣ ሌላ ማን ይመርጣል? የፓርኩ ጥግ። እነዚያ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው እኛ ሳንወለድ የጀመሩትን የቤዝቦል ክርክር እስካሁን ያልጨረሱት ሰዎች። ሚስቶቻቸው ዳቦ ሰልፍ ላይ ፀሐይ ሲበላቸው እነሱ ከሠላሳ ዓመት በፊት በተጣለ ኳስ ይጣላሉ።

በስምንቱ ተስማሙ፤ ተስማሙ ስልህ ተቧቅሰው ማለቴ ነው። ለሁለተኛው ቤዝ ሲከራከሩ ባሲሊዮ የጥርስ ሐኪሙ የራሱን በሽተኛ “አንዱን ጥርስህን ያወለቅኩልህ እኔ ነኝ፤ የቀሩትን ደግሞ አሁን በነፃ አወልቅልሃለሁ” አለው። ለመሐል ሜዳው ሁለት አማቾች ተኳርፈው ሚስቶቻቸው በአጥር ላይ ነው የሚገናኙት። የቀረው ዘጠነኛው ነበር፤ ወርዋሪው። እዚያ ላይ ነገሩ ቆመ። ምክንያቱም አንዱ የዚያ የጥጉ ነገረኛ የፋውስቲኖ ወንድም ሩፔርቶ ነው፣ ነፍሱን ይማርና። ሌላው ደግሞ አንተ ነህ፣ ግራኙ።

ሠዓሊው ኦስማኒ ነው፤ ያ የጸጉር ቤት ታፔላ የሚጽፈው። እግር ኳስ እንጂ ቤዝቦል ዓይቶ አያውቅም፤ የስፔን ቡድን ማልያ ለብሶ ነው ግድግዳው ላይ የሚሠራው፣ ሽማግሌዎቹ ይሄን ሲያዩ ያብዳሉ። ሙቀቱ ቀለሙን በቆርቆሮው ውስጥ ሲያደርቅበት እነሱን መጠበቅ ሰለቸው። ከስታዲየሙ ቢሮ የሩፔርቶን የድሮ ፎቶ አግኝቶ የዘጠነኛውን ሰውነት ከእግር እስከ አንገት ሣለውና “ስትስማሙ ጭንቅላቱን እጨምራለሁ” ብሎ ሄደ። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ጭንቅላት ከሌለው ሰው ጋር ከረመ። አሮጊቶች ሲያልፉ ያማትባሉ። ሰካራሙ ቤኒቶ ቆሞ “አንተ እንኳ የተገላገልክ ነህ” ብሎ ሰላም ይለዋል።

ያንተ ጠበቃ ጋሽ ኤቬሊዮ ናቸው። ሌላ ማን ይሆናል፤ በወጣትነታቸው የሩፔርቶን ኳስ የያዙ፣ በስተርጅና አንተን ያሠለጠኑ እሳቸው ናቸው። ያቺን የተጣመመች ጣታቸውን ፋውስቲኖ አፍንጫ ሥር ይደቅኗታል። “ይቺን ጣት ሰው አልሰበራትም፤ የግራኙ ኳስ ነው የሰበራት። ወንድምህ ሲወረውርልኝ እኮ በአንድ እጄ እየያዝኩ በሌላው ሲጋራ አጨስ ነበር!” ይሉታል። ፋውስቲኖም ይነሣል፤ “ወንድሜ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ወርውሮ፣ ማታ ፋብሪካ ገብቶ ፈረቃውን ይሠራ ነበር። የእናንተ ግራኝ አንድ ከወረወረ ሦስት ቀን ‘ትከሻዬን፣ ትከሻዬን’ እያለ እንደ አራስ ይተኛል” ይላል። ጋሽ ኤቬሊዮ ደግሞ “በሩፔርቶ ጊዜ የሚመቱት እነማን ነበሩ? ሸንኮራ ሲቆርጡ ያደሩ፣ ጠዋት በሸንኮራ አረቄ የሚንገዳገዱ! እነሱንማ አክስቴን አሰልፌ አሸንፋቸዋለሁ” አሉ። ባሲሊዮ ከዳር ሆኖ “አክስትህማ ግራኝ ነበረች፤ አጎትህ ጉንጭ ላይ እናየው ነበር” አለና ዛፉ ሥር ያለው ሁሉ ሆዱን ያዘ።

ስለ ፑንታ ብላንካው ፍጻሜም ተነሣ። ጣትህ ተልጦ ኳሷ ደም በደም ሆና ዳኛው በሌላ የቀየራት ቀን። ፋውስቲኖ “ተሸንፏል እኮ!” ሲል፣ ጋሽ ኤቬሊዮ “በአንድ ለዜሮ! የተሸነፉትማ እነዚያ አንዲት ነጥብ ማግባት ያቃታቸው ናቸው፤ ሦስቱን እዚያ ግድግዳ ላይ አቁመህልኛል!” ብለው ጮኹ። ሰዉ አጨበጨበ። ፋውስቲኖ ወደ ግድግዳው እያሳየ “ሰውነቱ የማን ነው? ቀኝ እጅ ነው የሚወረውረው፤ ግድግዳው ራሱ መስክሯል” ቢልም የሰማው አልነበረም። ክርክሩን አሸንፈህ ነበር፣ ወንድሜ። ይሄን እወቅልኝ። በኳስ አንደኛ ነህ ተብለሃል፣ ጠላቶችህ ባሉበት።

ያኔ ነው ፋውስቲኖ ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “የሄደ አይነሣም” ያለው።

የጥጉን ሕግ ታውቀዋለህ፦ የሄደ አይነሣም፣ የሞተ አይወቀስም። የሚባለውን ሁሉ ለበላይ የሚያደርስ ሰው ዛፉ ሥር በሚቀመጥበት ዘመን፣ ለራሳቸው ደህንነት ያወጡት ነው። ነገር አመላላሾቹ አርጅተው ሞቱ፤ ሕጉ ግን ቀረ፤ አሁን እንደ ሃይማኖት ይዘውታል። አገሩን ትቶ የሄደ ተጫዋች ስሙ አይጠራም፣ ነጥቡ አይቆጠርም፣ ከቡድኑ ፎቶ ላይ እንኳ በመቀስ ይወጣል። አንተም ወጥተሃል። ፎቶው ላይ አጠገብህ ቆሞ በነበረው ልጅ ትከሻ ላይ ያንተ እጅ ብቻ ቀርቷል።

ጋሽ ኤቬሊዮ ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። በማግስቱ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ዛፉ ሥር ተሰብስበው አንገታቸውን ወደ መሬት ደፍተዋል። ዶሚኖ መስሎኝ ቀረብ አልኩ። ዓሣ አጥማጁ አማዶ በዱላ መሬቱ ላይ ባሕሩን ሥሏል። እዚህ የወንዙ አፍ፣ እዚህ ጥልቁ፣ እዚህ የውሃው ጉዞ፤ “ልጆቹ በጀልባ የወጡ ቀን ነፋሱ ከሰሜን ነበር፣ አምስት ሰው ጭነው፣ በመስኖ ፓምፕ ሞተር፣ ከዚህ አያልፉም” ይላል። ጋሽ ኤቬሊዮ “እንግዲያው ልጁ አልሄደም፤ ሞቷል። የሞተ ደግሞ የኛ ነው” አሉ። ፋውስቲኖ “የአገሩን የውሃ መስመር አልፎ ከሞተ የሄደ ነው፤ ሳያልፍ ከሞተ የኛ ነው” አለ። ሌሎቹም ኳስ ከመስመር ውስጥ ወደቀች ወይስ ውጭ ብለው እንደሚከራከሩት፣ እያንዳንዳቸው ጣታቸውን ባሕሩ ላይ እየጠቆሙ አንተን ያሰጥሙህ ጀመር። “እዚህ ነው።” “ኧረ እዚህ ነው።” “ሲዋኝ ትንሽ ይገፋል፣ ጎበዝ ዋናተኛ ነበር።”

ወንድሜ፣ ደሜ ፈላ። በእግሬ ገባሁበት፤ ባሕሩንም ወንዙንም ረግጬ ደመሰስኩት። “የማንን ሬሳ ነው በዱላ የምትገፉት? ወንድሜ ይኖራል! የሞታችሁትስ እናንተ ናችሁ፤ ቀባሪ ስላጣችሁ ነው ዛፍ ሥር የተቀመጣችሁት!” አልኳቸው። የያዝኩትን የዳቦ ከረጢት በፋውስቲኖ ላይ ወረወርኩበት። በግራ ነው የወረወርኩት፤ ሳላውቀው ነው። ሳትኩት። ከዚያ ደግሞ ተንበርክኬ ዳቦውን ለቀምኩ፤ ዳቦ እንዴት ይጣላል? ማንም ሊያግዘኝ አልደፈረም።

ጋሽ ኤቬሊዮ ከሰዓት ቤት መጡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ “ልጄ፣ አትቆጪ። አንቺ ወይም እናትሽ ‘ሞቷል’ የምትል አንዲት ቃል ካላችሁ ፋውስቲኖም አፉን ይይዛል፤ ከስምንቱ መካከል አቆመዋለሁ። እናትሽ ዓይኗ ሳይከደን ልጇን ግድግዳ ላይ ታያለች” አሉኝ። እማዬ ይሄን እንደምትመኝ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እውነት ነው፣ ግድግዳው ከተወራ ጀምሮ “ልጄንም ይስሉት ይሆን?” እያለች ትጠይቀኝ ነበር። እኔ ግን “ጋሼ፣ እርስዎ ለአንድ ጭንቅላት ብለው ወንድሜን በአፌ ሊያስገድሉኝ ነው? ይውጡልኝ” አልኳቸው። ወጡ። እንደ አባት የማያቸውን ሰው አስወጣሁ።

ሰው ምን ይላል መሰለህ? “አብረውት ከተሳፈሩት አንዱ እንኳ ለቤቱ አልደወለም” ይላል። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ስልካቸው ውሃ ገብቶበት ይሆናል፤ ከዚያ ቁጥሩ ይጠፋል፤ እስር ቤት ካሉ ማን ያስደውላቸዋል? የጸጉር አስተካካዩ የአጎት ልጅ አሜሪካ፣ ታምፓ ከተማ ውስጥ አንድ ሜዳ ላይ ግራኝ ሲወረውር አይቷል። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል። “ሳን ኢላሪዮ!” ብሎ ቢጠራው አልዞረም። አንተ ደግሞ ሲጠሩህ የመዞር ልማድ የለህም፤ ስለዚህ አመንኩ። እስካሁንም የኖርኩት በሱ ነው።

ያን ቀን እማዬ ከመኝታ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች። እስከ እሑድ ድረስ ወሬዋ ስለ ሩዝና ስለ ጎረቤት ዶሮ ብቻ ነበር። እሑድ ጠዋት ግን “ያን ሰማያዊ ቀሚሴን አልብሺኝ፣ ወደ ፓርኩ ውሰጂኝ” አለች። “እማዬ፣ በምን እግርሽ?” ስላት፣ “እግር የለኝም ወይ? ወንበሩ አራት እግር አለው” አለችኝ። የጎረቤቶቹን ሁለት ጎረምሶች ጠራች፤ እነሱም እንደተቀመጠች ወንበሩን አንሥተው ተሸከሟት፤ እኔ ከኋላ ጥላ ይዤ እከተላለሁ። መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ሴት በዚያ ጥግ ቆማ ዳቦ ትወረውር ይሆናል እንጂ ተቀምጣ አታውቅም።

ሲያዩዋት ፋውስቲኖ ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ፤ ጥላው ያለበትን ቦታ ለቀቀላት። እሷም የወንበሩን ክንድ ይዛ ትንሽ ትንፋሿን ከሰበሰበች በኋላ ተናገረች። እንደተናገረችው ልጽፍልህ፤ አንዲት ቃል አልጨምርም።

“እኔ የኳስ ነገር አላውቅም፤ ልብሱን ነበር የማጥበው። ልጄ ሰነፍ ነበር፣ ቀልደኛ ነበር፣ አልጋውን አንጥፎ አያውቅም። ክፉ ግን አልነበረም። ለጨዋታ ወጥቶ ሁለት ቀን ሲያድር እንኳ የሰው ስልክ ለምኖ ‘እማዬ፣ በላሽ ወይ?’ ይለኝ ነበር። እንግዲህ ይኖራል የምትሉኝ ሰዎች፣ ልጄን ምን አደረጋችሁት? እየበላ፣ እየጠጣ፣ እየሳቀ፣ እናቱን በር ላይ ጥሎ የረሳ አደረጋችሁት። እኔ እንደዚያ ዓይነት ልጅ አልወለድኩም። ልጄ አልረሳኝም። ልጄ ሞቷል። መስመሩን ይለፍ አይለፍ፣ እሱን ባሕሩን ጠይቁት። አሁን ሣሉት።”

ይኖራል እያልኩ ስምልላት የኖርኩት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ። “የምትሉኝ” ስትል ዓይኗ እነሱ ላይ ቢሆንም ለእኔ መሆኑን ሁሉም አወቀ። የወንበሩን ጀርባ ይዤ ቆሜያለሁ። አዘንኩ ብዬ አልዋሽህም፤ በእሷ ላይ ተናደድኩ። ስንት ጊዜ ብቻዬን ስሟገትልህ የኖርኩትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። አሁንም ቁጭ ብዬ መልስ እፈልግላታለሁ።

በጥጉ ወግ ክርክር ሲያልቅ ቀድሞ ባርኔጣውን የሚያወልቀው የተሸነፈው ነው። ፋውስቲኖ አወለቀ። ከዚያ ጋሽ ኤቬሊዮ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ከፀሐዩ በታች ራሰ በራቸውን ይዘው ቆሙ፤ ጋሽ ኤቬሊዮ አሸንፈው ሳሉ እንደ ሕፃን ያለቅሱ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የጠላሁትን ፋውስቲኖን በዚያች ሰዓት መጥላት አቃተኝ። አሁን ግን ተመልሶልኛል።

ኦስማኒ እኛ ቤት ካለው የመታወቂያ ፎቶህ ጭንቅላትህን ሣለ። መቼም እጁ ወርቅ ነው። ያ ከልጅነትህ ጠባሳ ያለበት ቅንድብህ፣ ከንፈርህ፣ ሁሉ ነገር ቁጭ አንተን። ከአንገት በታች ግን ሩፔርቶ ነህ፤ ኳሷን በቀኝህ ይዘሃል። ክንዱን ይቀይር ሲባል ቀለም አልቋል። ቀለሙ የት ገባ ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ የከተማውን በሮች ብታይ ይገባሃል፣ ሁሉም ባንዴ አዲስ ሆነዋል። ጋሽ ኤቬሊዮ በኀፍረት ቤታችን ደጃፍ ማለፍ ተዉ። ባሲሊዮ “ግራኙን ከሞተም በኋላ ቀኝ አደረጉት፤ እዚህ አገር ማን ያመልጣል” አለ።

እኔ ግን ደስ አለኝ። በየማለዳው አየዋለሁ፤ ያ ሰው አንተ አይደለህም። ያንተን ፊት የተዋሰ የፋውስቲኖ ወንድም ነው። የሞተው እሱ ነው፤ መሞቱንም አገር ያውቃል። እማዬ የፈለገችውን ትበል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሙት ቀኝ ነው፣ ወንድሜ ግን ግራኝ ነው እያልኩ፣ አንድ ሰሞን እንዲያውም እየዘፈንኩ ዕቃ አጥብ ነበር።

እማዬ ማየት አለብኝ አለች። በወንበሯ ወሰድናት። ረጅም ጊዜ ፊትህን አየችው። ከዚያ “እጁ ተሳስቷል” አለች። “ቀለም የለም፣ እማዬ” አልኳት። ወደ እኔ ሳትዞር “ከአልጋሽ ሥር አለ” አለች።

አለ፣ ወንድሜ። እኔም እንደ ሰው ከስታዲየሙ ዘበኛ ገዝቼ ነበር፤ ነጭና ትንሽ ቡናማ። የአንተን ክፍል ላስቀባበት ነው። እርጥበቱ ግድግዳውን ልጦታል፤ አንድ ቀን በሩን ከፍተህ ስትገባ እንዲህ ሆኖ እንዳታየው ብዬ ነው። ደብቄው ነበር፤ ለካ ታውቅ ኖሯል። “ክፍሉስ?” አልኳት። እሷም እጄን ያዘችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። “ልጄ ለዘላለም በሰው ክንድ ሊቆም ነው? ስጪው፣ ልጄ። ልቅበረው” አለችኝ።

ሄጄ አመጣሁት። ኦስማኒ ቀኙን በነጭ አጠፋው። ግን ግራኝ እንዴት እንደሚወረውር አያውቅም፤ መሰላሉ ላይ ሆኖ “እህቴ፣ ክንዱ ወደየት ነው? ክርኑስ?” ይለኛል። ጋሽ ኤቬሊዮ ቢጠሩም እጃቸው አይነሣላቸውም። ስለዚህ መንገዱ መሐል ቆሜ ግራ ክንዴን እንዳንተ አነሣሁለት፤ ጓሮ ውስጥ በሎሚ ስታለማምደኝ እንደነበረው፣ አንጓዬን ወደ ኋላ ሰብሬ፣ አገጬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ። ሲዝለኝ እማዬ “ትንሽ ከፍ አድርጊው፣ እሱ ከፍ ያደርገው ነበር” ትለኛለች። ሰዎች ከቤት ወጥተው ያዩኛል። ሲጨርስ ቀና ብዬ አየሁ። አንተ ነህ። አሁን ማንም አይከራከርም፤ እኔም ብሆን።

እማዬ ከዚያ ወዲህ ትተኛለች፤ ድሮ እንደምትነቃው አትነቃም። ከሄድክ ጀምሮ ባሕሩን ላለማየት ፊቷን የምታዞረው ሴትዮ፣ በዚህ እሑድ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ውሰዱኝ ብላለች። ጋሽ ኤቬሊዮ የፈረስ ጋሪ አግኝተዋል፤ ሽማግሌዎቹም ይመጣሉ፣ ፋውስቲኖም ጭምር። ነጭ አበባ ቁረጪልኝ አለችኝ። አልቆርጥም አልኳት። ዛሬ ጠዋት ግን የጎረቤት አጥር ላይ ያለውን ቆሜ ሳየው ነበር።

ያቺ በታናሽ ጀልባ ላይ ያሉትን የምትጠብቅ የኮብሬዋ እመቤታችን ከአንተ አትለይ። ያለህበት ቤት ይብራልህ፤ ብርድ አይንካህ፤ ትከሻህ ይረፍ። ከአንተ ጋር የሄዱትንም ሰላም በልልን፤ እናቶቻቸው ደህና ናቸው።

ይሄንን ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ ፖስታ ቤት አልወስደውም፤ እዚያ የምትሠራው ልጅም አድራሻ የት አለ እያለች መጠየቅ ሰልችቷታል። እሑድ ራሴ ይዤልህ እመጣለሁ።

ታላቅ እህትህ